ስለ አሮጌው ፔጆና ስለ «ለዛሬ ይበቃል»

በሐረር ከተማ ስለ አሮጌው ፔጆ ሁለት ዓይነት ሰዎች ሲከራከሩ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። አንደኞቹ «ይህ ዝገት ይነሣልን፤ ከተማችንን አዋረደ፤ ሌላው ሕዝብ በኤሌክትሪክ ሲሄድ እኛ ዛሬም ጭስ እንታጠናለን» ይላሉ። ሁለተኞቹ ደግሞ «ፔጆ የሐረር ጌጥ ነው፤ እንደ ጁገል ግንብ ቅርስ ሆኖ ሊጠበቅ ይገባዋል፤ ፈረንጅ ከሩቅ አገር መጥቶ ፎቶግራፍ የሚያነሣው ወድዶት አይደለምን?» ይላሉ። ክርክሩ የሚደረገው አብዛኛውን ጊዜ በፈረስ መጋላ አጠገብ፣ ቡና ላይ ነው። እኔ ሁለቱንም ወገን እቃወማለሁ። አንደኛው በመኪናው ላይ በእርጅናው ይፈርድበታል፤ ሁለተኛው በእርጅናው ይሸልመዋል፤ ፍሬኑን አስከፍቶ ያየ ሰው ግን ከሁለቱም ዘንድ አንድ እንኳ አላገኘሁም።

ይህን ስጽፍ እንደ ንጹሕ ዳኛ ሆኜ አይደለም። እኔም ከሁለተኛው ወገን ነበርሁ፤ ያውም ከነፉከራው። ያደረግሁትን ወደ ኋላ እናገራለሁ። አስቀድሜ ግን ስለ መኪናው ጥቂት ልበል፤ የሚሰድበውም የሚያመሰግነውም ብዙ ጊዜ ነገሩን አያውቀውምና።

ፔጆ 404 ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1960 ለገበያ ያወጡት፣ መልኩንም የጣሊያኑ የፒኒንፋሪና ቤት የነደፈው የቤተ ሰብ መኪና ነው። ሀብታም ሊታይበት የተሠራ አይደለም። በምሥራቅ አፍሪካ አቧራና ጭቃ ላይ በሚደረገው የሳፋሪ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፏል። ከጅቡቲ የተነሣው የፈረንሳዮች ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬ ዳዋ ደርሶ ስለ ነበር፣ የፈረንሳይ ዕቃ ለሐረርጌ ሰው ከቀድሞ ጀምሮ እንግዳ አልነበረም፤ ፔጆም በሐረር ታክሲ ሆኖ እስከ ዛሬ ስሙ ከከተማይቱ ስም ጋር ይጠራል። በፈረንሳይ አገር የቤት መኪናው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1975 ቆሟል። እንግዲህ ከዚያ ፋብሪካ በመጨረሻ የወጣው እንኳ ዛሬ ዕድሜው ወደ 50 ዓመት ነው ማለት ነው።

ታዲያ ይህን ያህል ዘመን የቆየው በተአምር ነውን? አይደለም። ሠሪዎቹ አንድ ቀን እንደሚበላ አውቀው፣ ሲበላ እንዲጠገን አድርገው ነው የሠሩት። ፒስተን የሚመላለስበት ሲሊንደር ከሞተሩ አካል ጋር አንድ ላይ የቀለጠ ሳይሆን ለብቻው ገብቶ የሚቀመጥ ቱቦ ነው፤ ስለዚህ ሲበላ አሮጌው ይወጣና አዲሱ ይገባል። ባትሪ ቢደክም ከፊት በእጅ ብረት አዙሮ ማስነሣት ይቻላል። ኮፈኑን የከፈተ ሰው አብዛኛውን ነገር በዓይኑ ያየዋል፤ በእጁም ይደርስበታል፤ ካቻቢቴና ፒንሳ ይዞ ብዙ ይሠራል። የዛሬ መኪና ኮፈኑ ሲከፈት የሚታየው አንድ ትልቅ የፕላስቲክ ክዳን ነው፤ ሠሪው «አንተ እዚህ ምን አለህ?» የሚል ይመስለኛል። (ይህ የኔ ቂም ስለ ሆነ አንባቢ ይለፈው።)

ሊጠገን ይችላል ማለት ግን ተጠግኗል ማለት አይደለም። እኛ በሐረር ብቻ ሳይሆን በአገራችን ሁሉ አንድ በሽታ አለብን፤ ስሙም «ለዛሬ ይበቃል» ይባላል። ነገሩን አምታትቼ እንዳልናገር ልለይ። መንገድ ላይ ሳለን የቤንዚን ጋኑ ቢያንጠባጥብ ሳሙና አድቅቀን እንለጥፋለን፤ የጭስ ማውጫው ቢወድቅ በሽቦ እናስረዋለን፤ ቺንጋው ቢበጠስ ያገኘነውን ጠፍር ቋጥረን ቀስ ብለን እንነዳለን። ይህ ብልሃት ነው፤ የአሮጌ መኪና ሾፌሮቻችን በዚህ ሊመሰገኑ ይገባቸዋል። ጥፋቱ የሚጀምረው ቤት ከደረስን በኋላ ነው። ሳሙናው ሁለተኛ ዓመቱን ያከብራል፤ ሽቦው ዝጎ በሌላ ሽቦ ይታሰራል፤ «ነገ» ያልነውም ጥገና ከነአካቴው ይረሳል። ሰውዬውም ወዳጆቹን ሰብስቦ «ይህች መኪና እኮ ሦስት ዓመት ሙሉ በሽቦ ሄደች!» እያለ ይመካል። ከካላማዳሪ ተቆርጦ የተሠራ ጎሚኒ በፍሬን ውስጥ ከትቶ ሰው የሚጭን ሾፌር አይቻለሁ። ይህን ብልሃት ብሎ የሚጠራው ካለ፣ እኔ በሌላው ሰው አንገት የተደረገ ቁማር እለዋለሁ።

አሁን የራሴን ልናገር። በ2009 ዓ.ም. የዘመዳችን ልጅ ድሬ ዳዋ ላይ ልታገባ ሳለ፣ ፔጆዬን አሳምሬ ለመታየት ፈለግሁ። ጥቂት ገንዘብ ነበረኝ። ዘወትር የሚሠሩልኝ ሽማግሌ መካኒክ መኪናውን ካዩ በኋላ «ልጄ፤ ቀለሙ ይቆይ፤ ፍሬኑን እንክፈተው። ዘይቱ ጠቁሯል፤ የኋላውም ጎሚኒ ያለቀሰ ይመስላል» አሉኝ። እኔም «ጋሼ፤ ለዛሬ ይበቃል፤ ከሠርጉ በኋላ እመለሳለሁ» ብዬ መኪናውን ወደ ቀለም ቀቢው ወሰድሁት። ሰማያዊ ቀለም አስቀባሁት፤ እንደ መስተዋትም አበራ። ለመታየት ባለኝ ጉጉት እንደ እናቴ የማያቸውን አንዲት ጎረቤታችንን «እማማ፤ በአውቶቡስ ምን ያንገላታዎታል? እኔ አደርስዎታለሁ» ብዬ አሳፈርኋቸው።

መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከሐረር ተነሥቶ በአወዳይና በሐረማያ በኩል ደንገጎ እስኪደርስ ድረስ ደጋ ነው፤ ከዚያ ወዲያ እየተጠማዘዘ ወደ ድሬ ዳዋ ቆላ ይወርዳል። የፍሬን ዘይት የሚባለው ነገር ደግሞ ከአየር ውስጥ ውሃ የመሳብ ጠባይ አለው፤ ሰንብቶ ካልተለወጠ ውሃው በውስጡ ይበዛል። በረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲደጋገም ሸራውና ከበሮው ይግላሉ፤ ዘይቱም አብሮ ይግላል፤ ውሃ የበዛበትም ዘይት ፈልቶ እንፋሎት ይሆናል። ዘይት ቢጫኑት አይጨመቅም፤ እንፋሎት ግን ይጨመቃል። ስለዚህ ፔዳሉ ሲረገጥ ኃይሉ ከጎማ ሳይደርስ እዚያው ይቀራል። በዚህ ላይ የእኔ መኪና አሮጌ በመሆኑ የአራቱም ጎማ ፍሬን ዘይት የሚያገኘው ከአንድ መስመር ነው፤ አንዱ ጎሚኒ ቢያፈስ አራቱም አብረው ይሰንፋሉ። ይህን ሁሉ አሁን እንደ ሊቅ እጽፈዋለሁ፤ የተማርሁት ግን ከደንገጎ በታች፣ እግሬ ወለሉን ሲነካ ነው።

ደጋግሜ ረገጥሁ፤ ምንም የለም። ማርሹን አከበድሁ፤ የእጅ ፍሬኑን ሳብሁ፤ ከፊታችን የሚመጣ የጭነት መኪና ስለ ነበር መሪውን ወደ ተራራው ወገን ጠምዝዤ ከአፈሩ ጋር አላተምሁት። ቆመ። እኔ ግንባሬ ተላጠ። የእማማ ግራ ክንድ ተሰበረ። ገደሉ በሌላው በኩል ስለ ነበረ ዛሬ ይህን ለመጻፍ በቃሁ።

እማማ ከመንገዱ ዳር ተቀምጠው ክንዳቸውን በነጠላቸው አቅፈው ሳለ «ልጄ፤ ፍሬኑ መበላሸቱን አታውቅም ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። «አላውቅም ነበር፤ እማማ» ብዬ መለስሁላቸው። ዋሸሁ። ሽማግሌው መካኒክ በኋላ የኋላውን ከበሮ ሲከፍቱ አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገሩኝም፤ የተቀደደውን ጎሚኒ መዳፌ ላይ አኖሩልኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። የጎሚኒው ዋጋ ለቀለም ቀቢው ከሰጠሁት ጉርሻ ያንስ ነበር።

እንግዲህ ወደ ተከራካሪዎቹ ልመለስ። «አሮጌው ይነሣ፤ አዲስ ይግባ» ለሚሉት እንዲህ እላለሁ። የጭሱ ነገር እውነት ነው፤ አልክድም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ግብሩን እጅግ ከፍ አድርጎታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ቤንዚንና ናፍጣ የሚጠጡ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሎ ለኤሌክትሪክ መኪና በሩን ከፍቷል። በሐረርም የፔጆው ቁጥር በጣም ተመናምኖ ቦታውን ባጃጅ ወርሶታል። ይሁን። ነገር ግን ባጃጁም ፍሬን አለው፤ የኤሌክትሪኩም መኪና የፍሬን ዘይት አለው፤ ዘይቱም እንደ ፔጆው ዘይት ውሃ ይስባል። አዲስ መኪና አዲስ የሚሆነው ለጥቂት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያው በእኛ እጅ ያረጃል። በ5 ዓመቱ ከፔጆው ይልቅ የሚያስፈራ ባጃጅ በዚሁ ከተማ አላየንምን? ባለቤቱ ያው «ለዛሬ ይበቃል» የሚለው ሰው ከሆነ፣ የመኪናው ዓይነት ቢለወጥ ተሳፋሪው ምን ተጠቀመ?

«ቅርስ ነው» ለሚሉት ግን ንግግሬ ይከብዳል፤ የኔ ወገን ነበሩና። የጁገልን ግንብ ትጠቅሳላችሁ። መልካም፤ ከግንቡ እንማር። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት ይህ ግንብ ከነአምስቱ ጥንታውያን በሮቹ እስከ ዛሬ የቆመው ስለ ተወደሰ ነውን? በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጁገልን በዓለም ቅርስ መዝገብ ከመጻፉ በፊት ግንቡ ከ400 ዓመት በላይ ቆሞ ነበር፤ የቆመውም ድንጋዩ ሲወድቅ ድንጋይ፣ ጭቃው ሲታጠብ ጭቃ የሚመልስ እጅ ስላልጠፋ ነው። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ወዳቋቋሙት፣ ዛሬ በቀድሞው የራስ ተፈሪ መኖሪያ ቤት ወደሚገኘው ሙዚየም ግቡና ያረጁ የእጅ ጽሑፎች እንዴት እንደሚታደሱ ተመልከቱ። የተበላው ቅጠል በትዕግሥት ይጠገናል፤ የላላው ድጉስ እንደገና ይደጎሳል። ውስጡ በምስጥ የተበላ መጽሐፍ ላይ የወርቅ ቀለም ቀብቶ «ቅርስ ነው» የሚል ሰው በዚያ ቤት ቢገኝ ያስወጡት ነበር። እናንተ ግን በፔጆ ላይ የምታደርጉት ይህንኑ ነው። መጋረጃ ታንጠለጥሉበታላችሁ፤ ምንጣፍ ታነጥፉለታላችሁ፤ ፈረንጁም ፎቶግራፉን አንሥቶ በአውሮፕላን ይሄዳል። ከገበያ ቅርጫቷን ይዛ በዚያ መኪና ቁልቁለት የምትወርደው የሐረር እናት ናት።

እዚያው ጁገል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ዝቅ ብሎ መኪና ግርግር የሚሉት መንገድ አለ። እንግዳ ሰው ስሙን ሲሰማ አውቶሞቢል የሚበዛበት ይመስለዋል፤ መኪና የተባለው ግን የልብስ ስፌት መኪናው ነው፤ ግርግሩም የእርሱ ድምፅ ነው። ልብስ ሰፊው የተቀደደ ቀሚስ ሲቀበል መጀመሪያ ገልብጦ የውስጡን ስፌት ያያል። እኔ በዚያ መንገድ ሳልፍ ብዙ ጊዜ አፍራለሁ።

«ድህነት ነው እንጂ ማን ሰው ለመግደል ይፈልጋል?» የሚለኝ ታክሲ ነጂ ይኖራል። ይህን መልስ አከብራለሁ፤ ከሁሉም የሚከብደኝም እርሱ ነው። ባጃጅ ተሳፋሪውን ወስዶበታል፤ መለዋወጫ ከገበያ ጠፍቷል፤ ያለውም አንዳንዴ ስሙ ብቻ እውነተኛ ነው። ሆኖም በኩባ አገር እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የአሜሪካ መኪናና መለዋወጫ መግባቱ ስለ ቆመ፣ ሕዝቡ በ1950ዎቹ የተሠሩ መኪኖችን የሌላ መኪና ሞተር እየገጠመ፣ የጠፋውን ክፍል በእጁ እየሠራ እስከ ዛሬ ሲነዳቸው ኖሯል። የእኛም ቶርኖ ቤቶች ያለቀ ብረት እንደገና ይቀርጻሉ። ገንዘብ ሲያንስ ሁሉን መሥራት አይቻልም፤ ነገር ግን ካለችው ገንዘብ የመጀመሪያዋ ወዴት ትሂድ የሚለውን የምንወስነው እኛው ነን። ፍሬን፣ ከዚያ መሪ፣ ከዚያ ጎማ፣ ከዚያ መብራት፤ ቀለምና መጋረጃ ቢተርፍ ነው። ፍሬኑን ማሠራት ያቃተው ቀን መኪናውን ያቁም። ይህ ለልጆቹ እራት ማጣት ሊሆን እንደሚችል አውቄ ነው የምለው፤ ቀላል ነገር ነው ብዬ አላታለልም። መካኒኮችም ደንበኛ እንዳይቀየም እያሉ «አይዞህ፤ ይሄዳል» ማለታቸውን ይተዉ። የእኔ ሽማግሌ እውነቱን ነግረውኝ ነበር፤ አሻፈረኝ ያልሁት እኔ ነኝ።

ይህን ጽሑፍ ለማተሚያ ቤት ከመስጠቴ በፊት ወደ እማማ ቤት ሄድሁ። ክንዳቸውን ወጌሻ አሽቶት ድኗል፤ ብርድ ሲሆን ግን ይጠዘጥዛቸዋል። የዚያን ቀን መዋሸቴን፣ መካኒኩ አስቀድመው ነግረውኝ እንደ ነበረ፣ ገንዘቡንም ለቀለም እንዳደረግሁት ነገርኋቸው። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ቡናውን ቀድተው አቀበሉኝና «አሁንስ ዘይቱን የለወጥኸው መቼ ነው?» አሉኝ።

«ባለፈው ጥቅምት ነው፤ እማማ።»

«ጎሚኒውስ?»

«እርሱም አብሮ ተለውጧል።»

«እንግዲያው ቅዳሜ አወዳይ ድረስ ታደርሰኛለህ» አሉኝ፤ «ከፊት ነው የምቀመጠው።»