ሳሕን ለመብል ነውን ወይስ ለመታየት?

ሳሕን የተሠራው መብል ሊቀርብበት ነው። ይህን የሚክድ ሰው አይገኝም፤ ነገር ግን ዛሬ በታላላቅ ከተሞች ምግብ ቤቶች የሚቀርበውን የፖርሰሊን ዕቃ የተመለከተ ሰው፥ ብዙዎቹ ሠሪዎች ይህን ቀላል እውነት እንደ ረሱት ያስተውላል። ጠርዙ እንደ ባርኔጣ ሰፍቶ መካከሉ ከእፍኝ የማይበልጥ ሳሕን ይቀርባል፤ ሹካ ቢያሳርፉበት ተንሸራትቶ ከወጡ ውስጥ ይገባል። አራት ማዕዘን የኾነው በማዕዘኑ በኩል ቶሎ ይሸረፋል። ሌላውም የሚያብረቀርቅ ልባሱ ቀርቶ ደብዛዛ ተደርጎ ስለሚሠራ፥ ቢላዋ የነካው ስፍራ ኹሉ ግራጫ መስመር ይዞ ይቀራል። ይህም ዘመናዊ ንድፍ ይባላል፤ ስሙ ግን አይገባውም።

ፖርሰሊን በባሕርዩ የአገልግሎት ዕቃ ነው። ካኦሊን ከተባለ ነጭ አፈር፥ ከፌልድስፓርና ከኳርትዝ ተዋሕዶ፥ እስከ 1400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ እሳት ስለሚተኰስ ውሃ አይጠጣም፤ ሽታም አይይዝም፤ ሲያጥቡትም በቀላሉ ይጠራል። ቻይናውያን ይህን ጥበብ ከሺህ ዓመት በፊት ያውቁት ነበር። ኢትዮጵያውያን ሲኒ የሚሉትም ቃል ከዐረብ የመጣ ነው፤ ትርጓሜው «የቻይና» ማለት ነው። ጆሮ የሌለው ትንሽ ሲኒ በጣት ይያዛል፤ ቡናው ሳይበርድ ይጨርሱታል፤ በረከቦት ላይም ብዙው በጥቂት ስፍራ ይደረደራል። ምን ለመሥራት እንደ ተፈጠረ የሚያውቅ ዕቃ እንዲህ ያለ ነው።

ከንቱ ታይታ በፖርሰሊን ላይ የመጣው ዛሬ አይደለም። በጀርመን አገር፥ በሣክሶኒ፥ በ1710 በፈረንጆች አቆጣጠር የተቋቋመው የማይሰን ፋብሪካ ከ1737 እስከ 1742 በኬንድለር መሪነት ለብሪውል ለተባለው መኰንን ከ2000 የሚበልጥ ዕቃ ሠራለት፤ በየሳሕኑም ላይ ስዋን የምትባለው የውሃ ወፍ ተቀርጻ ነበር። ነገር ግን ያ ዕቃ አላታለለም፤ የጌታውን ክብር ለማሳየት መሠራቱ ከሩቅ ይታወቅ ነበር። የዛሬው ግን ጌጡን ጥሎ የትሕትና ልብስ ለብሶ ሲቀርብ፥ ከውስጥ ያው ታይታ ነው።

እውነተኛውን ዘመናዊነት ማየት የሚፈልግ ሰው ወደዚያው ወደ ጀርመን አገር ይመልከት። በ1931 ሄርማን ግሬች ለአርዝበርግ ፋብሪካ ያወጣው፥ 1382 በተባለ ቍጥር የሚታወቀው ዕቃ፥ ጌጥ የሌለው ነበር፤ ገዢውም ሙሉውን በአንድ ጊዜ ለመግዛት ሳይገደድ እንደ አቅሙ አንድ አንዱን እየገዛ ያሟላ ነበር። በ1959 ደግሞ በኡልም የንድፍ ትምህርት ቤት ሃንስ ሮሪሽት የተባለ ተማሪ ለመመረቂያው ቲሲ 100 የተባለውን ዕቃ ነደፈ፤ መጠኑ ተለክቶ የተሠራ ስለ ኾነ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቦ በጠባብ መደርደሪያ ይቀመጣል። እነዚህ ሰዎች በሳሕኑ ፊት ስለሚቀመጠው ብቻ ሳይኾን፥ ከማዕድ በኋላ ስለሚያነሣውና ስለሚያጥበው ሰውም አሰቡ።

አንዳንዶች ግን መብልን አስቀድሞ የሚቀምሰው ዓይን ነው ብለው ይከራከራሉ። እውነት ነው፤ አስቀያሚ ሳሕን ይሠራ ያለ ግን የለም። ክርክሩ ውበት ከወዴት ይምጣ በሚለው ላይ ነው። ከአገልግሎቱ ጋራ የተስማማ ቅርጽ በየቀኑ ቢያዩት አይሰለችም፤ ለአንድ ቅጽበት ፎቶግራፍ የተፈጠረ ቅርጽ ግን ፎቶግራፉ ከተነሣ በኋላ ሸክም ይኾናል። ይህ የምግብ ቤት ጨዋታ ነው፥ ቤተ ሰብን አይነካም የሚሉም አሉ። ነገር ግን በሆቴል የታየው ነገር ሳይውል ሳያድር በአዲስ ሙሽሮች መደርደሪያ ላይ ይገኛል፤ ኪሳራውንም የሚከፍሉት እነርሱ ናቸው። ከልክ በላይ የከበደው ሳሕን የአስተናጋጁን ክንድ ያዝላል፤ የማይደራረበው የድኻውን ጠባብ ቤት ያጣብባል፤ እንግዳውም ሊበላ መጥቶ ተመልካች ኾኖ ይሄዳል።

እንግዲህ የማዕድ ዕቃ የሚገዛ ሰው ዋጋውን ሳይከፍል አስቀድሞ ይጠይቅ፤ መብሉን በሚገባ ይይዛልን? ሳያስቸግር ይታጠባልን? አንዱ ቢሰበር ምትኩ ለብቻው ይገኛልን? ለእነዚህ መልስ የሌለው ሳሕን በግድግዳ ላይ ይሰቀል እንጂ በማዕድ ላይ አይቅረብ።