ውዳሴ በገና አይጠግንም

አንድ በገና ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ፣ በጉዞ ሰነዱ ላይ ያለው ማዕረግ «ሻንጣ» የሚል ብቻ ነው። የሠሪው ስም ብዙውን ጊዜ አልተጻፈበትም፤ የተሠራበት ዓመት አይታወቅም፤ ገበቴው ቢሰነጠቅ ወይም ቆዳው ቢላላ ወደ ማን እንደሚወሰድ የሚያመለክት አንዲት ወረቀት አትከተለውም። ተቀባዩ ደስ ብሎት ይሸከመዋል፤ በዐቢይ ጾም ይደረደራል፤ ስለ ንጉሥ ዳዊትና ስለ ቀዳማዊ ምኒልክ ይተረክለታል። ሲሰበር ግን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ መሣሪያነቱ ቀርቶ ጌጥ ይሆናል፤ ባለቤቱም ቅርሱን እንደ ጠበቀ ይቆጥራል።

ይህን ጥበቃ ብሎ መጥራት ራስን ማታለል ነው። የእጅ ጥበብ የሚኖረው በሚያዝዘው፣ በሚከፍልለትና ሲያረጅ በሚያስጠግነው ሰው ነው። የሚያወድሰው ሰው ብዛት ለዕድሜው አንዲት ቀን አይጨምርለትም። ለዚህ ምስክር የሚፈልግ የዳላስ ነዋሪ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ መሀል ከተማ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ግማሽ ሰዓት ያህል መንዳት ይበቃዋል።

በዚያ መንገድ ጫፍ የሜየርሰን ሲምፎኒ ማእከል ይገኛል። በአርክቴክቱ አይ ኤም ፔይ ተነድፎ እ.ኤ.አ. በ1989 የተከፈተ አዳራሽ ነው። ከመድረኩ በላይ 4,535 ቧንቧዎች ያሉት ኦርጋን ቆሟል። መሣሪያው ተጠናቅቆ የተመረቀው በ1992፣ አዳራሹ በተከፈተ በሦስተኛው ዓመት ነው። በእነዚያ ዓመታት «ዘገየ፤ በኤሌክትሮኒክስ ይተካ» የሚለው ቀላል መንገድ አልተመረጠም። ስሙም ቁጥሩም ተመዝግቧል፦ የሲ ቢ ፊስክ አውደ ጥናት መቶኛ ሥራ። መቶ አንደኛው ደግሞ በዚያው ከተማ፣ በሳውዘርን ሜቶዲስት ዩኒቨርሲቲ ካሩት አዳራሽ በ1993 ተተከለ።

ከቧንቧዎቹ ቁጥር ይልቅ ትኩረት የሚገባው የአውደ ጥናቱ ታሪክ ነው። ቻርልስ ፊስክ ፊዚክስ ተምሮ፣ በወጣትነቱ በአቶሚክ ቦምብ ፕሮጀክት ሠርቶ፣ በኋላ ፊቱን ወደ እንጨትና ወደ ቧንቧ ያዞረ ሰው ነበር። አውደ ጥናቱን በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ግሎስተር ከተማ በ1961 መሠረተ፤ በ1983 ዐረፈ። የዳላሱ ኦርጋን ያለቀው መሥራቹ በሞተ በዘጠነኛው ዓመት ነው። መምህሩ ሞተ፤ እጁ ግን አልሞተም። በሥሩ ያደጉት ሠራተኞች ዘዴውን፣ ንድፉንና መዝገቡን ይዘው ቀጠሉ። አንድ የበገና ሠሪ በሞተ በዘጠነኛው ዓመት በስሙ በገና የሚያወጣ አውደ ጥናት በአዲስ አበባ ወይም በጎንደር ስንት ይገኛል? ጥያቄው የሚያሳፍረው መልሱን ለመፈለግ የተነሣ ሰው እንኳ ብዙ ባለመኖሩ ነው።

ኦርጋን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ባዕድ መስሎ ይታይ ይሆናል። ሥራው ግን ከሚታወቁ ነገሮች የተገጠመ ነው። ትንፋሹን የሚያከማቸው ወናፍ ነው፤ ከቀጥቃጩ ወናፍ ጋር አንድ ዘር፣ ከእንጨትና ከለፋ ቆዳ የተበጀ። ብዙዎቹ ቧንቧዎች ከቆርቆሮና ከእርሳስ ቅይጥ፣ ሌሎቹ ከእንጨት ይሠራሉ። በትልልቅ ኦርጋኖች ረጅሙ ቧንቧ 32 ጫማ ሲደርስ ትንሹ ከጣት አይበልጥም። ሁሉም ከተተከሉ በኋላ ረጅሙ ሥራ ይጀምራል፤ ባለሙያው የእያንዳንዱን ቧንቧ አፍ በጥቂት በጥቂቱ እያስተካከለ፣ ድምፁ ለዚያ አዳራሽ ግድግዳና ጣሪያ እንዲስማማ ያደርጋል። ይህ ወራት ይፈጃል። ከዚያ በኋላም ዕረፍት የለም፦ ቅኝት በየወቅቱ ይታረማል፤ ቆዳው ከዐሥርተ ዓመታት በኋላ ይደርቅና ይለወጣል፤ አቧራ ይጠረጋል። አንድ ኦርጋን የገዛ ተቋም የገዛው ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ለልጅ ልጆቹ ጭምር የሚያወርሰውን የጥገና ግዴታ አብሮ ገዝቷል።

ግዴታው ደግሞ በአንድ አዳራሽ አያበቃም። በፎርት ዎርዝ የብሮድዌይ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን በ1996 ከካናዳው ካሳቫን ያስሠራውና በፒያኖ ተጫዋቹ በቫን ክላይበርን እናት ስም የተሰየመው ኦርጋን ከ10 ሺህ በላይ ቧንቧዎች አሉት። በዴንተን የሚገኘው የሰሜን ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኦርጋን ተጫዋቾችን በዲግሪ ያስተምራል። ተማሪ ስላለ መሣሪያ ይታዘዛል፤ መሣሪያ ስለታዘዘ ሠሪ ይኖራል፤ ሠሪ ስላለ ጠጋኝ ይሠለጥናል። ከዚህ ሰንሰለት አንዱ ቀለበት ሲበጠስ ሌሎቹ አብረው ይወድቃሉ።

ይህን የሚያነብ ሰው አሜሪካን የእጅ ጥበብ ገነት አድርጎ እንዳይስል መጠንቀቅ ይገባዋል። የዳላሱ ኦርጋን በተመረቀበት በዚያው በ1992፣ በሜሪላንድ ግዛት ከመቶ ዓመት በላይ የሠራውና ከ11 ሺህ በላይ ኦርጋኖችን ያስወጣው የሞለር ፋብሪካ ተዘጋ። ከእርሱ በፊትም ስመ ጥሩው ኢዮልያን-ስኪነር በ1972 ከስሯል። በየከተማው ኦርጋናቸውን ዘግተው ወደ ድምፅ ማጉያ የዞሩ አብያተ ክርስቲያናት ጥቂት አይደሉም። እንግዲህ ልዩነቱ የሕዝብ ጠባይ ወይም የባህል ብልጫ አይደለም። ትእዛዝ በቀጠለበት ቦታ ጥበቡ ቀጠለ፤ ትእዛዝ በቆመበት ቦታ የመቶ ዓመት ዝና አላዳነውም።

በኢትዮጵያ ግን ከትእዛዝ እጦት የቀደመ በደል አለ። ብረት የሚቀጠቅጠው ጠይብ፣ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ እየተባለ ሲሰደብ፣ ሸክላ ሠሪዋ ቡዳ ተብላ ስትፈራ ኖራለች። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገር ያስፈለጋቸው ነውሩ ሥር የሰደደ ስለነበረ ነው። ስድቡ ዛሬ በአደባባይ ቀንሷል። ልማዱ ግን መልኩን ለውጦ አለ፤ ደርዳሪው ይሸለማል፣ ሠሪው አይጠየቅም። ዓለሙ አጋን የሚያውቅ አድማጭ ብዙ ነው፤ ይገባቸዋልም፤ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገናን ያስተማሩ፣ ድምፁንም ለዓለም ያሰሙ ሰው ናቸውና። እርሳቸው የደረደሩትን በገና ማን ጠረበው፣ ቆዳውን ማን ወጠረው ብሎ የሚጠይቅ ግን ከመቶ አንድ አይገኝም።

የመንግሥትና የዓለም አቀፍ መዝገቦችም ይህንኑ ዝንባሌ ያንጸባርቃሉ። ጀርመን በ2017 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ያስገባችው የኦርጋን ሙዚቃን ብቻ ሳይሆን የኦርጋን ሠሪነትን ሙያ ጭምር ነው፤ ወደ 400 የሚጠጉ አውደ ጥናቶችና የሦስት ዓመት ተኩል የሙያ ሥልጠና ስላላት የምትመዘግበው ሕያው ነገር ነበራት። ኢትዮጵያ በ2013 መስቀልን፣ በ2019 ጥምቀትን አስመዝግባለች፤ ሁለቱም የሚያኮሩ ናቸው። ነገር ግን ያለ ከበሮ የሚያልፍ ጥምቀት የለም፤ ከበሮውን የሚጠፍረው እጅ ደግሞ በበዓሉ ስም ሥር ተሸፍኖ ቀርቷል።

በዳላስ፣ በጋርላንድና በአካባቢው ከተሞች የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ይህን ልማድ በሻንጣው ይዞት መጥቷል። በገና ዐሥር አውታር፣ ሁለት ቋሚ፣ አንድ ቀንበር፣ ብርኩማና በቆዳ የተለበጠ ገበቴ ያለው ቀላል የሚመስል መሣሪያ ነው። ያንን የሚነዝር ድምፁን የሚሰጡት ግን በየአውታሩና በብርኩማው መካከል የሚገቡት ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች፣ እንዚራዎቹ ናቸው። እንዚራ በፀጉር ስፋት ልክ ከቦታው ሲንሸራተት ድምፁ ይጠፋል። በደጋ አየር የደረቀ እንጨት ወደ ቴክሳስ በጋና ወደ ማቀዝቀዣ አየር ሲገባ ይንቀሳቀሳል፤ የአንጀት አውታር ከእርጥበትና ከድርቀት ጋር ይላላል፣ ይከራል። ይህን የሚያስተካክል የሠለጠነ እጅ በሌለበት ከተማ በገና ማምጣት፣ ሐኪም በሌለበት በረሃ ሕፃን እንደ ማሳደግ ነው።

በዚህ ላይ ሦስት መከራከሪያዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው፣ «ኦርጋን የባለጸጎች ነገር ነው» የሚለው ነው። እውነት አለው፤ የዳላሱ ኦርጋን የሚጠራው በድንች ጥብስ ንግድ በበለጸገው በሌይ ቤተሰብ ስም ነው። ነገር ግን በገና የሚጠይቀው ገንዘብ ከኦርጋን ጋር አይወዳደርም። ሕንፃ ለመግዛት፣ የመኪና ማቆሚያ ለማስነጠፍና ድምፅ ማጉያ ለመትከል መዋጮ ማሰባሰብ የሚችል ማኅበረሰብ ለአንድ ሠሪ ሙሉ ዋጋ መክፈል አቅቶኛል ሊል አይችልም። የጎደለው ብር ሳይሆን በበጀቱ ውስጥ «ጥገና» የምትል አንዲት መስመር ናት።

ሁለተኛው፣ «ሠሪው ስሙን የማይጽፈው ለትሕትና ነው» የሚለው ነው። ይህን የሚል ሰው የብራና መጻሕፍትን አላገላበጠም። ጸሐፊው በመጽሐፉ መጨረሻ ስሙን አስፍሮ አንባቢ በጸሎት እንዲያስበው ሲለምን የኖረባት አገር፣ ስም መጻፍን ትዕቢት አላለችም። ስም የኃላፊነት ማኅተም ነው። በገናው ውስጥ ስምና ዓመት ሲጻፍ፣ የተበላሸውን ለመጠገንም የሠመረውን ለመድገምም ወዴት እንደሚኬድ ይታወቃል።

ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው ነው፤ «ኪቦርዱ የበገና ድምፅ አለው፤ ምን ጎደለ?» ይላል። ቀረጻ አንድን በገና በአንድ ቀን የሰጠውን ድምፅ ይደግማል፤ አዲስ በገና አይወልድም። በቀረጻው የሚኖር ትውልድ እንጨቱን የሚመርጥ፣ ቆዳውን የሚፍቅ፣ እንዚራውን የሚያስቀምጥ ሰው አያስፈልገውም፤ ስለዚህም አያፈራውም። ቀረጻው ራሱ እውነተኛ በገና ይመስል እንደሆነ የሚፈርድ ጆሮም አብሮ ይጠፋል።

መፍትሔው ታላቅ ጉባኤ አይሻም። በገና የሚገዛ ደብር ወይም ማኅበር ዋጋ ከመከራከሩ በፊት የጽሑፍ ውል ይዋዋል፤ በውሉ ላይ የሠሪው ስም፣ የእንጨቱና የቆዳው ዓይነት፣ የማስረከቢያው ቀን ይስፈር። ከዋጋው ጋር የአንድ ተለማማጅ ደመወዝ ይከፈል። በየዓመቱ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ይመደብ። ከዳላስና ከፎርት ዎርዝ ወጣቶች መካከል እንጨት ሥራ የሚወድ አንድ ሰው ተመርጦ፣ ለአንድ ዓመት ከአንድ ሠሪ እግር ሥር ተቀምጦ እንዲማር ወጪው ይሸፈን። የአካባቢው ኦርጋን ጠጋኞችም በሙያቸው ጎረቤት ናቸው፤ ስለ ቆዳ፣ ስለ ሙጫ፣ ስለ እንጨትና ስለ እርጥበት የሚያውቁትን ለመጠየቅ የሚከለክል ሕግ የለም።

ይህ ሁሉ በገናን ለመዘከር ከሚደረግ የአንድ ምሽት ዝግጅት የሚከብድ ቢመስል፣ ክብደቱ በልማድ እንጂ በወጪ አይደለም። ለዝግጅቱ አዳራሽ ይከራያል፣ ምግብ ይቀርባል፣ ንግግር ይደረጋል፤ በማግስቱ የተሰነጠቀው በገና እንደ ተሰነጠቀ ነው። «ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች» የሚለው ተረት ለዘመናት ሲነገር ኖሯል። ተረቱን የሚያውቅ ሁሉ የሸክላውን ዋጋ አሳንሶ የሚገዛው ማን እንደ ሆነም ያውቃል።