ክፍሉ የማን ነው?

ጳጉሜን ስትቃረብ ሰፈራችን በሁለት ነገር ትታወቃለች፤ አበባየሆሽ በሚለማመዱ ልጃገረዶች ድምፅና በቀለም ሽታ። ዓመቱን ሙሉ ዞር ብሎ ያላየውን ግድግዳ ሁሉም ሰው ለእንቁጣጣሽ ካልቀባሁ ይላል። ዛሬ ስለ ቤት ቀለም ላውራችሁ ስል "ሲስተር፣ ይኼ የቀለም ቀቢ ጉዳይ አይደለም ወይ?" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ከ30 ዓመት በላይ ነጭ ጋውን ለብሼ ካየኋቸው ሕመሞች ውስጥ ግን ከግድግዳ የመጡት ጥቂት አልነበሩም።

ነገሩን ያነሣሣው ያለፈው እሑድ ነው። ታናሿ ልጄ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ከባለቤቷና ከሁለት ዓመት ልጃቸው ጋር ቡና ልትጠጣ መጥታ፣ ሁለተኛው ስኒ ላይ የቀለም ካታሎግ ጭኔ ላይ ዘረጋችልኝ። የተከራዩት ቤት የድሮ ቤት ነው፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ በርና መስኮቱ የእንጨት። ሳሎኑ አንድ ግድግዳ ላይ ወርቃማ አበባ ያለበት የግድግዳ ወረቀት ሊለጠፍ፣ የልጆቹ ክፍል ቢጫ ሊቀባ፣ መስኮቶቹ ተፍቀው በዘይት ቀለም ሊታደሱ ታስቧል። ሁሉም በአንድ ሳምንት፣ እነሱም እዚያው እየኖሩ።

"እማዬ፣ ከእነዚህ ቢጫዎች የትኛውን ይመርጡልናል?" አለኝ አማቼ።

"ክፍሉ የማን ነው?" አልኩት።

ልጄ ሳቀች። "አንቺ ደግሞ ሁሉን ነገር ክሊኒክ ታደርጊዋለሽ" አለችኝ። አማቼ ግን ዝም አለ። የሴት ልጅ እናት በአማቿ ቤት ጉዳይ ብዙ መናገር እንደሌለባት አውቃለሁ። ቢሆንም ያን ዕለት ዝም ማለት አልቻልኩም። ምክንያቱን እነሆ።

የመጀመሪያው የልጅ ልጄ የተወለደው ዛሬ ዘጠኝ ዓመት ነው። ታላቋ ልጄ አራስ ሆና እኔ ቤት ነበር የተኛችው። ደስ ብሎኝ ክፍሉን ራሴ አስቀባሁት፤ የመስቀል አበባ የመሰለ ቢጫ። መጋረጃውም ቢጫ ነበር። ገንፎው ይገነፋል፣ ጠያቂ ይመጣል፣ ሕፃኑም ብዙ ይተኛል። "ፀባየኛ ልጅ" ብለን አመሰገንነው። በአራተኛው ቀን አንዲት ጎረቤታችን፣ ፊደል ያልቆጠሩ እናት፣ ሕፃኑን ታቅፈው ወደ በረንዳው ወጡና "እንዴ፣ የዚህ ልጅ ዓይን ብርቱካን መሰለሳ!" አሉ። ሮጬ ወጣሁ። በቀን ብርሃን ሳየው የዓይኑ ነጭ፣ ድዱ፣ ሆዱ ሳይቀር ቢጫ ነበር። እኔ ነርሷ፣ የስንቱን እናት ልጅ መርምሬ "ሐኪም ቤት ውሰጂው" ያልኩት ሴት፣ በገዛ ቤቴ አላየሁትም። ከግድግዳውና ከመጋረጃው የሚመለሰው ብርሃን ሁሉን ነገር ቢጫ ስላደረገው የልጁ ቢጫነት ውስጡ ተደብቆ ነበር። ሆስፒታል ገብቶ በሰማያዊው ብርሃን ታከመ፤ ዛሬ ኳስ የሚያሳድድ ጎረምሳ ነው። እኔ ግን ያን በረንዳ አልረሳውም።

ስለዚህ የአራስ ክፍል የምታዘጋጁ አያቶች፣ ግድግዳውን ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ክሬም አድርጉት፤ መጋረጃውንም እንዲሁ። ቢጫና አረንጓዴ የልጁን መልክ ያሳስታሉ። ክፍሉ የተቀባ ከሆነም አትጨነቁ፤ በየቀኑ ሕፃኑን መስኮት ዳር በቀን ብርሃን እዩት። ግንባሩን ወይም አፍንጫውን በጣት ጫን አድርጋችሁ ስትለቁ ቆዳው ቢጫ መስሎ ከታየ፣ የዓይኑ ነጭና ድዱ ከተለወጠ ለጤና ባለሙያ አሳዩት። በተለይ በተወለደ በመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ ከታየ፣ ወይም ልጁ ለጡት እስከማይነቃ ድረስ እንቅልፍ ካበዛ፣ ለነገ የሚባል አይደለም። ፀሐይ ማሞቅም ሕክምና አይሆነውም።

ይህን ሁሉ ለአማቼ ስነግረው "እሺ፣ ቢጫው ይቅር፤ ሌላው ግን እንደታሰበው ይሂድ" አለ። እኔ ደግሞ ከቢጫው ይልቅ የፈራሁት መስኮቱን ነበር። የልጅ ልጄ መስኮት ስር ያለው ወንበር ላይ ወጥታ፣ ደፉን በሁለት እጇ ይዛ፣ አላፊ አግዳሚውን ታያለች። ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሥቷል። ጣቷ ከዚያ ወደ አፏ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ።

በድሮ የዘይት ቀለም ውስጥ ሊድ የሚባለው የእርሳስ ማዕድን ይገባ ነበር፤ ቀለሙን ለማድመቅና ቶሎ ለማድረቅ። በብዛት የሚገኘውም በደማቅ ቢጫ፣ በቀይና በብርቱካንማ ነው። ሊድ የልጅ አእምሮን ይጎዳል፤ ትምህርት መቀበልን ይቀንሳል፣ ትኩረትንና ፀባይን ያውካል። ትኩሳት የለው፣ ሽፍታ የለው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። የጠፋውንም መድኃኒት አይመልሰውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው "ይህን ያህል ቢሆን አይጎዳም" የሚባል መጠን የለውም። ትንንሽ ልጆች ወደ ሆዳቸው ከገባው ሊድ ወደ ሰውነታቸው የሚወስዱት ከአዋቂ ከ4 እስከ 5 እጥፍ ነው። የብረት ማዕድን ያነሰው ልጅ ደግሞ ይብሳል። በነፍሰ ጡር ደም ውስጥ ያለ ሊድም ወደ ፅንሱ ያልፋል።

አገራችን ለዚህ ሕግ አላት። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በአውሮፓውያኑ 2018 ያወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው ሊድ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ በአንድ ኪሎ የደረቀ ቀለም 90 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ ከመልኩ በፊት ጣሳውን አዙራችሁ አንብቡ። ስለ ሊድ የተጻፈ ከሌለ ጠይቁ፤ ሻጩ ትከሻውን ከነቀነቀ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ለግድግዳ በውሃ የሚበጠበጠው የፕላስቲክ ቀለም ይሻላል፤ ሽታውም ቶሎ ይወጣል።

ጣሳው ላይ ያለው ጽሑፍ ግን አሮጌው መስኮት ላይ ስላለው አይነግረንም። የድሮ ቀለም ያልተላጠና ያልተሰነጠቀ ከሆነ አትፋቁት፤ በላዩ ቀቡት። የተላጠ ከሆነ ደረቁን በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ከሁሉም የከፋ ነው፤ አቧራው ወለል፣ አልጋና መጫወቻ ላይ ያርፋል። በእሳት ማቃጠልም እንዲሁ። ቀቢው ስሩ ላስቲክ ያንጥፍ፣ እንጨቱን በውሃ እያራሰ ይፋቅ፣ አፉንና አፍንጫውን ይሸፍን። ሲጨርስ በደረቅ መጥረጊያ አይጠረግም፤ በእርጥብ ጨርቅ ደጋግሞ ይወለወላል። የሥራ ልብሱም ከልጆች ልብስ ጋር አይታጠብ። ልጆችና ነፍሰ ጡሮች ሥራው አልቆ እስኪጸዳ ድረስ እዚያ ቤት አይደሩ።

ሌላም የማልረሳው ነገር አለ። የተረፈ ቲነር በውሃ ጠርሙስ ገልብጦ ወጥ ቤት ጥግ ማስቀመጥ ልማዳችን ነው። ተረኛ ሆኜ ባደርኩባቸው ሌሊቶች ውሃ መስሏቸው የጠጡ ልጆች ሲመጡ አይቻለሁ። በራሱ ጣሳ ከድናችሁ ቁመታቸው ከማይደርስበት ቦታ ቆልፉበት። ልጁ ከጠጣ እንዲያስታውክ አታስገድዱት፤ ሲያስታውክ ሳንባው ውስጥ ይገባል። ቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ወደ ግድግዳ ወረቀቱ ልመለስ። እኔ ባደግሁበት የጭቃ ቤት የግድግዳ ወረቀታችን ጋዜጣ ነበር። እናቴ በዱቄት ማጣበቂያ ትለጥፈው ነበር፤ ማንበብ የተለማመድኩትም ተኝቼ ከራስጌዬ ካለው ዜና ነው፤ ግማሹ የተዘቀዘቀ ስለነበር አንገቴን አጣምሜ። ክረምት ሲገባ ወረቀቱ ከታች በኩል ይነፋና ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል፤ ታናሽ ወንድሜም እስከ መስከረም ያስለዋል። ያኔ ሁለቱን ያገናኘ ሰው አልነበረም። ነጠብጣቡ ሻጋታ ነው። አስም ላለበትና ለትንንሽ ልጆች ሳንባ ጠላት ነው። ዛሬ የሚሸጠው ላስቲክነት ያለው ወረቀት ደግሞ እርጥበቱን አፍኖ ስለሚይዝ ሻጋታው ከኋላው ተደብቆ ያድጋል። አውሮፓውያን በ19ኛው መቶ ዘመን አርሴኒክ ባለበት አረንጓዴ ቀለም የታተመ የግድግዳ ወረቀት ይለጥፉ ነበር፤ ቤታቸውን አሳምረው እነሱ ይታመሙ ነበር። የሚያምር ነገር ሁሉ የሚስማማ አይደለም።

ግድግዳችሁ መድረቁን በቀላሉ መፈተሽ ትችላላችሁ። ጥርት ያለ ላስቲክ ቆርጣችሁ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ግድግዳው ላይ አጣብቁና አንድ ሁለት ቀን ተዉት። ከላስቲኩ በስተጀርባ ጠል ከቋጠረ እርጥበቱ ከግድግዳው ነው። ያ ግድግዳ ወረቀት ቀርቶ ቀለምም አይያዝም። መጀመሪያ የሚያፈሰው ቧንቧ ወይም አሸንዳ ይጠገን። ከዚያም ኅዳርን ጠብቁት። ጳጉሜን የተቀባ እርጥብ ግድግዳ ለገና ይላጣል፤ ገንዘባችሁም አብሮ።

ስለ መልክ ደግሞ ይህን ልበላችሁ። ካታሎግ ላይ ያለ የጣት ጥፍር የምታክል ቀለም አራት ግድግዳ ስትሞላ ሌላ ቀለም ትሆናለች፤ ደመቅ ትላለች። ትንሽ ጣሳ ገዝታችሁ ትልቅ ካርቶን ቀቡና ጠዋት፣ ቀትርና ማታ በአምፖል እዩት። ልጆች ላሉበት ቤት የግድግዳውን ታችኛውን እኩሌታ የሚታጠብ ቀለም አድርጉት። የጤና ጣቢያ ግድግዳ እስከ ደረት ድረስ ዘይት ቀለም የሚቀባው ለዚሁ ነው፤ እድፍ በሳሙና ይለቃል።

ለሽማግሌዎች ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ዓይን ሲያረጅ ሌንሱ ይጨልማል፣ ይቦዝዛልም። የ60 ዓመት ሰው ዓይን ውስጠኛው ክፍል የሚደርሰው ብርሃን የ20 ዓመቱ ወጣት ከሚያገኘው ሲሶው ያህል ነው። ሰማያዊና ወይን ጠጅ ይምታታሉ። ነጭ ግድግዳ፣ ነጭ በር፣ ነጭ ማብሪያ ማጥፊያ ለወጣቱ ዘመናዊ ነው፤ ለአያት ግን በጉም ውስጥ መሄድ ነው። በሩ ከግድግዳው ይለይ። የመጸዳጃ ቤቱ መቀመጫ ከወለሉ ይለይ። ወለሉ አያብረቅርቅ። የመርሳት ችግር ባለባቸው አረጋውያን ክፍል ደግሞ አበባና ሐረግ የበዛበት ወረቀት አትለጥፉ፤ ግድግዳው ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ያዩ እየመሰላቸው ይደነግጣሉ።

አማቼ ይህን ሁሉ ሰምቶ ካታሎጉን አጠፈ። የተቆጣ መሰለኝ። ቆይቶ "እማዬ፣ እንቁጣጣሽን ባልተቀባ ቤት እናክብር ነው የሚሉኝ?" አለ። "ባልተቀባ ቤት አክብሩ፤ ደግሞም እኔ ቤት" አልኩት። ልጁን ወደ መስኮቱ፣ ከዚያ ወደ እናቷ ሆድ አየ። ማክሰኞ ዕለት ልጄና የልጅ ልጄ አንድ ሻንጣ ይዘው መጡ። እሱ ከቀቢው ጋር መስኮቶቹን በውሃ እያራሱ እየፋቁ ነው። የልጆቹ ክፍል ክሬም ይሆናል። ሳሎኑ ግድግዳ ላስቲኩ ስር ጠል ስለቋጠረ ወርቃማው አበባ እስከ ኅዳር ይጠብቃል።

ለናሙና የገዛት ትንሽ የቢጫ ጣሳ ተርፋ ነበር። ሊድ የሌለበት ብሎ ተጽፎባታል። ከእኛ በረንዳ ወደ ግቢ የሚያወርዱ ሦስት የሲሚንቶ ደረጃዎች አሉ። አምና የልጆቼ አባት የመጨረሻውን ደረጃ ሳያይ ስቶ ወድቆ አንጓውን ተሰብሯል። አማቼ ትናንት ማታ ብሩሹን ይዞ መጣና የእያንዳንዱን ደረጃ ጠርዝ አራት ጣት በምታህል ቢጫ መስመር ቀባው። ዛሬ ጠዋት ባለቤቴ ግድግዳውን ሳይደግፍ ወረደ።

እናንተም ብሩሽ ከማንሣታችሁ በፊት ያን ጥያቄ አንዴ ጠይቁ። መልካም አዲስ ዓመት።