አውሮፕላን ፈርቶ በአባዱላ

ሰፈራችን ዓለም ባንክ ነው። ስሙን ሰምታችሁ ብድር እንዳትጠይቁን፤ ኪሳችን ውስጥ ባንክ የሚመስል ነገር የለም። አራት ነን። በአንድ ግቢ ባይሆን እንኳ በአንድ ሻይ ቤት ያደግን ልንባል እንችላለን። ዘንድሮ ለፋሲካ ሰሞን አንድ ሳምንት እረፍት አገጣጥመን አርባ ምንጭ ልንሄድ ተስማማን። ጫሞ ላይ በጀልባ ወጥተን አዞ ልናይ፣ ዶርዜ ተራራ ላይ ቆጮ በዳጣ ልንበላ፣ ከአባያና ከጫሞ መካከል ያለውን የእግዜር ድልድይ ቁልቁል እያየን ፎቶ ልንነሳ።

የት እንሂድ በሚለው ለመስማማት አምስት ደቂቃ አልፈጀብንም። በምን እንሂድ በሚለው ግን ሦስት ሳምንት ተጨቃጨቅን። በመኪና ወይስ በአውሮፕላን?

ነገሩ የገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። ከመካከላችን አንዷ አውሮፕላን ትፈራለች። ፍርሃቷ የወሬ አይደለም፤ "በረራ" የሚለው ቃል ሲነሳ መዳፏን ያልባታል። አየር ጤና ጎረቤታችን ሆኖ አንቺ የአየር ጤና አጣሽ እያልን ስናሾፍባት ከረምን። ኋላ ላይ ግን ማሾፉ ቆመ። ለምን እንደቆመ እንነግራችኋለን።

መጀመሪያ የመኪናውን ወገን እንስማ። እውነት ለመናገር ደህና ጠበቃ ነበረው። የአርባ ምንጭ መንገድ ደጃችን ነው። ከዓለም ባንክ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ዓለም ገና፣ ከዚያ ቡታጅራ፣ ሆሳዕና፣ ወላይታ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ። ወደ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለመብረር ግን ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ቦሌ መድረስ አለ፤ በዚያ ላይ ፍተሻው፣ ሰልፉ፣ ጥበቃው። በመኪና ከሄድን እየበላን፣ እየዘፈንን፣ ሙዝ እየገዛን፣ ያማረን ቦታ እየወረድን ነው። አገር የሚታየው በመስኮት ነው፤ ከደመና በላይ ሆኖ አገር አየሁ ማለት ጣራ ላይ ቆሞ ሳሎን አየሁ እንደማለት ነው። ዋጋውማ አይነሳ!

የአውሮፕላኑ ጠበቃ መልስ አጭር ነበር። "አንድ ሰዓት ገደማ። ሙሉ ቀን ወይስ አንድ ሰዓት?"

እዚህ ላይ ነው ፈሪዋ ወዳጃችን አንድ ቃል ብቻ የተናገረችው። "ቢሾፍቱ።"

ዝም አልን። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሁድ ጠዋት የት እንደነበርን አራታችንም እናስታውሳለን። ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የበረራ ቁጥር 302 በስድስት ደቂቃ ውስጥ ወደቀ። 157 ሰው። አንድም የተረፈ የለም። ያን ቀን ስልካችን ላይ ስም ስንፈልግ፣ የምናውቀው ሰው እንዳይኖር ስንጸልይ ዋልን። ከዚያ በኋላ አውሮፕላን የፈራን ሰው "ፈሪ ለእናቱ" ብሎ ማለፍ ነውር ይመስለናል። የበፊቶቹንም ብታነሱ በስም እናውቃቸዋለን። መስከረም 1981 ባሕር ዳር፣ ወፎች ሞተር ውስጥ ገብተው 35 ሰው አለቀ። ኅዳር 1989 ኮሞሮስ፣ ተጠልፎ ነዳጅ ጨርሶ ባሕር ላይ ያረፈው፣ 125 ሰው። ጥር 2002 ቤይሩት፣ 90 ሰው። ከዚያ ቢሾፍቱ። ባሕር ዳር፣ ኮሞሮስ፣ ቤይሩት፣ ቢሾፍቱ እያልን እንደ ሰፈር ስም እንጠራቸዋለን።

እስቲ አሁን ደግሞ የመንገዱን አደጋ በስም ጥሩልን።

አያችሁ? እኛም አልቻልንም። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲዳማ ክልል፣ ቦና አካባቢ፣ ሰርገኛ የጫነ የጭነት መኪና ገላና ወንዝ ውስጥ ገብቶ 71 ሰው አልቋል። እሁድ ነበር፤ እንደ ቢሾፍቱው። የቢሾፍቱን ሰዓት ሳይቀር የምናስታውሰው እኛ፣ ይሄንን ግን "አዎ… የሆነ ነገር ሰምቼ ነበር" ነው ያልነው። የሰማነው ቀን ከንፈር መጠጥን፣ በማግስቱ ታክሲ ተሳፈርን፣ አለቀ።

ቁጥሩን ካነሳን አይቀር እንጨርሰው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው የመንገድ ደህንነት ሪፖርት፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በአንድ ዓመት ከ100 ሺህ ሰው 26.7 ያህሉ በመንገድ አደጋ እንደሚሞት ገምቷል። በፖሊስ ተመዝግቦ የቀረበው ቁጥር ከአራት ሺህ ጥቂት ከፍ ያለ ነው፤ የድርጅቱ ግምት ግን ከ27 ሺህ ያልፋል። ግምቱን ትታችሁ የተመዘገበውን ብቻ ያዙ። አራት ሺህ ሰው ማለት በየዓመቱ ከ25 በላይ የቢሾፍቱ አውሮፕላን ማለት ነው። በየሁለት ሳምንቱ አንድ! በየሁለት ሳምንቱ አንድ አውሮፕላን ቢወድቅ ቦሌ ክፍት ሆኖ ይውል ነበር? የአባዱላ ተራ ግን ክፍት ነው። ረዳቱም "አንድ ሰው የቀረው!" እያለ ነው።

ይሄ የኛ አገር ሰው ብቻ ጠባይ እንዳይመስላችሁ። በመስከረም 1994 (በፈረንጆቹ 2001) ኒው ዮርክና ዋሽንግተን በአውሮፕላን ከተመቱ በኋላ ብዙ አሜሪካዊ መብረር ፈርቶ መኪናውን አስነሳ። ጌርድ ጊገሬንዘር የተባለ ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነገሩን አጥንቶ ነበር። በተከተለው አንድ ዓመት ውስጥ፣ ሰው ከሰማይ ወደ መንገድ በመውረዱ ብቻ፣ ወደ 1,500 የሚጠጋ ተጨማሪ ሰው በመኪና አደጋ እንደሞተ ገምቷል። እነዚህ ሰዎች ከሞት የሸሹ መስሏቸው ወደ ሞት ነው የነዱት። ስማቸውንም የዘረዘረ ሐውልት የለም።

ይሄን ሁሉ ለወዳጃችን ነገርናት። በቁጥር ደበደብናት ብንል ይሻላል። እሷም ሰምታ ሰምታ "ቢያንስ መኪና ሲበላሽ ቆሞ ይጠብቃችኋል" አለች። "ቢያንስ ሹፌሩ ይታየኛል።"

ሹፌሩ ይታየኛል! እንግዲህ የፍርሃቱ ሥር እዚህ ጋ ነው። አውሮፕላን ላይ አብራሪው በር ዘግቶ ነው ያለው። አባዱላ ላይ ግን ሹፌሩ ከፊታችን ተቀምጦ ጫቱን ሲቅም፣ ስልኩን ሲያወራ፣ ኩርባ ላይ ደርቦ ሲያልፍ እናየዋለን። ስላየነው ደግሞ የተቆጣጠርነው ይመስለናል። አራታችን ስንት ጊዜ አገር አቋራጭ ተሳፍረናል? ስንት ጊዜስ የሹፌሩን መንጃ ፈቃድ ጠይቀናል? ትናንት ማታ ስንት ሰዓት እንደተኛ እናውቃለን? አናውቅም። አብራሪውን ግን እኛ ባናውቀው የሚያውቅለት አለ። ስንት ሰዓት እንደበረረ፣ ስንት ሰዓት እንዳረፈ ይመዘገባል፤ በየጊዜው ተመልሶ ይፈተናል፤ አጠገቡም ሌላ አብራሪ አለ።

ይሄንንም ነገርናት። ያን ጊዜ ነው ያላሰብነው ነገር የመጣው። ለራሷ እንደምታወራ ሁሉ ቀስ ብላ "አጎቴ እኮ የሞተው በመኪና ነው" አለች። ከሰባት ዓመት በፊት፣ በማታ፣ በዚሁ በደጃችን በሚያልፈው መንገድ። እኛም ቀብሩ ላይ ነበርን፤ ረስተነዋል። እሷ ራሷ ከፍርሃቷ ጋር አገናኝታው አታውቅም ነበር። አውሮፕላን አንድም ዘመድ አልወሰደባትም። መኪና ወስዶባታል። ሆኖም በነጋ በጠባ ሚኒባስ ውስጥ ትገባለች፣ መዳፏንም አያልባትም።

ማሾፉ የቆመው ያን ቀን ነው። ምክንያቱም ጉዳዩ የእሷ ብቻ እንዳልሆነ ገባን። እሷ አንዱን ሞት በጣም ትፈራለች። እኛ ሦስታችን ደግሞ ሌላውን ሞት ከነጭራሹ መፍራት ትተናል። ታዲያ ማን ነው መታከም ያለበት?

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንምጣ። የአውሮፕላን ሞት ይመረመራል፤ የመንገድ ሞት ይቆጠራል። ልዩነቱ ይሄው ነው። ቢሾፍቱ ላይ የወደቀው ቦይንግ 737 ማክስ ነበር። ከአምስት ወር በፊት ኢንዶኔዥያ ውስጥ 189 ሰው ይዞ የወደቀውም ያው ዓይነት ነው። ጥቁር ሳጥኖቹ ተፈልገው ተገኙ፣ ተነበቡ። የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚገፋ ሶፍትዌር በአንድ መለኪያ ብቻ እንደሚመራ፣ መለኪያው ሲሳሳት ሶፍትዌሩም አብሮ እንደሚሳሳት ታወቀ። በሦስት ቀን ውስጥ አሜሪካ ሳትቀር ዓለም ሁሉ ያን አውሮፕላን ከሰማይ አወረደ። ተመልሶ እስኪበር ድረስ ዓመት ከመንፈቅ በላይ ቆመ። ሶፍትዌሩ ሁለት መለኪያ እንዲያይ ተደረገ፤ አብራሪዎች በሲሙሌተር እንዲሠለጥኑ ተደረገ። ቢዘገይም፣ 346 ሰው ካለቀ በኋላም ቢሆን፣ "ለምን?" ተብሎ ተጠይቋል።

የመንገዱስ? "ፍጥነት ነው"፣ "ጥንቃቄ ጉድለት ነው" ይባላል። ሹፌሩ ከሞተ ነገሩ አብሮት ይቀበራል፣ ካልሞተ ይታሰራል። መንገዱ ለምን እዚያ ኩርባ ላይ መከለያ እንደሌለው፣ መኪናው ለምን ከልኩ በላይ እንደጫነ፣ ሹፌሩ ለምን ሳይተኛ እንዳደረ ጠይቆ ሌላውን መኪና የሚያስቆም የለም። በማግስቱ በዚያው ኩርባ፣ በዚያው ጭነት፣ በዚያው ፍጥነት ሌላው ያልፋል።

ታዲያ ሁላችሁም ብረሩ ነው የምንለው? እንዴት ብለን! የአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ምርጫ "በአውሮፕላን ወይስ በመኪና" ሳይሆን "በመኪና ወይስ በእግር" ነው። በነገራችን ላይ፣ ወደ ሰሜን ለሚሄዱ ወዳጆቻችን ጥያቄው ከኛ ጭቅጭቅ የከፋ ነው። በሰኔ 2016 መጨረሻ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ተማሪዎች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ወርደው ታግተዋል። ጎጃምና ጎንደር ዘመድ ያለው ሰው ያን መንገድ ሲያስብ የሚፈራው ሹፌሩን ብቻ አይደለም። ቲኬት መግዛት የሚችል ይበርራል፣ የማይችል ለእናቱ ቀብር እንኳ ሳይደርስ ይቀራል። ስለዚህ "ልብረር ወይስ ልንዳ" ብሎ ሦስት ሳምንት መጨቃጨቅ ራሱ ቅንጦት መሆኑን እናውቃለን።

የምንለው ሌላ ነው። አውሮፕላንን በምንፈራው ልክ መንገድን እንፍራ። ፍርሃት ሁልጊዜ ድክመት አይደለም፤ አውሮፕላንን ደህና ያደረገው የሚፈራው ሰው መብዛቱ ነው። ሆስተሷ ቀበቶህን እሰር ስትልህ ይሉኝታ ይዞህ እምቢ አትልም። አባዱላ ላይ ግን "ሹፌር፣ ቀስ በል" ያለ ሰው ምን እንደሚደርስበት ታውቃላችሁ። ከኋላ ይሳቅበታል። ረዳቱም "ከፈራህ ውረድ" ይለዋል። እኛም ይሉኝታ ይይዘንና ዝም እንላለን። አሥራ ምናምን ሰው አንድ ላይ ፈርቶ አንድ ላይ ዝም ይላል። ከሹፌሩ ጫትና ከመኪናው ጎማ ቀጥሎ የሚገድለን ይሄ ይሉኝታ ነው።

የኛ ነገር እንዴት ሆነ? ኪሳችን ከጠበቆቹ ሁሉ የበለጠ ተናጋሪ ሆኖ ተገኘ። ደርሶ መልሱን አልቻልንም፤ መሄጃውን ችለናል። ስለዚህ በሰማይ እንሄዳለን፣ በምድር እንመለሳለን። ወዳጃችን እሺ ብላለች። ቅድመ ሁኔታ አላት፤ መስኮት አጠገብ አትቀመጥም፣ አውሮፕላኑ ሲነሳ አንዳችን እጇን እንይዛለን፣ ሲንገጫገጭ "ምንም አይደለም" ብሎ የሚቀልድ ይቀጣል። ተቀብለናል።

እኛም የመልሱን ቅድመ ሁኔታ አስቀምጠናል። ከአርባ ምንጭ በጠዋት እንነሳለን፣ ሲመሽ የደረስንበት እናድራለን። ቀበቶ የሌለው ወንበር ላይ አንቀመጥም። ሹፌሩ ከፈጠነ አራታችንም በአንድ ድምፅ "ቀስ በል" እንላለን፤ ይሳቅብን። እምቢ ካለ ሶዶም ቢሆን ሆሳዕና እንወርዳለን። ይሄንን ሐሳብ ያመጣችው ፈሪዋ ናት። ስለ ፍርሃት ከሷ በላይ የሚያውቅ ከመካከላችን የለም።

ዕቅዱን ለእናቶቻችን ስንነግራቸው የሁሉም ምርቃት አንድ ነበር፤ "መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ።" አሜን ብለናል። ጨርቅ እስኪሆን ድረስ ግን፣ ወገን፣ ቀበቶ እንሰር።