ውስኪ በቀለሙ አይፈረድም

ከአምስቱ ሕዋሳት ሁሉ ለፍርድ የሚቸኩለው ዓይን ነው፤ ፈጥኖ የሚታለለውም እርሱ ነው። አፍንጫ ሳያሸት፥ ምላስም ሳይቀምስ፥ ዓይን አስቀድሞ ፍርዱን ሰጥቶ ይቀመጣል፤ የቀሩትም ሕዋሳት እንደ ፈሪ ምስክር የእርሱን ቃል ደግመው ይናገራሉ። ይህ ነገር ተገልጦ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ የስኮትላንድ ውስኪ፥ ይልቁንም በሼሪ በርሜል ውስጥ የቈየው ሲንግል ሞልት የሚባለው ነው። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥቶ «እንዴት ጠቍሯል! እንዴትስ ያለ ግሩም ነው!» የሚል ሰው ገና ሳይቀምስ ፈርዷል፤ እንዲህ ያለውም ፍርድ ፍርድ ሊባል አይገባውም።

ነገሩ እንዲገለጥ መጠጡ ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። ሲንግል ሞልት ማለት ከገብስ ብቅል ብቻ ተጠምቆ፥ በአንድ ማውጫ ቤት ውስጥ፥ አረቄ እንደሚወጣው ሁሉ በመዳብ ጋን ፈልቶ ከእንፋሎቱ የሚገኝ መጠጥ ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ2009 ዓ. ም. የወጣው የብሪታንያ ደንብ ከ700 ሊትር በማይበልጥ የኦክ እንጨት በርሜል፥ በስኮትላንድ ምድር፥ ከ3 ዓመት ያላነሰ እንዲቈይ፥ የአልኮሉም ኀይል ከመቶ 40 እንዳያንስ ያዝዛል። ከጋኑ ሲወጣ እንደ ውሃ የጠራ ነው፤ ቀለም የሚያገኘው፥ ከጣዕሙም ብዙውን የሚወስደው ከእንጨቱ ነው። ሼሪ ደግሞ በደቡብ ስፔን በሄሬስ አገር የሚጠመቅ፥ የወይን አልኮል የተጨመረበት የወይን ጠጅ ነው። ይህ ወይን የነበረበት በርሜል ለውስኪው የዘቢብን፥ የለውዝን፥ የብርቱካን ልጣጭንና የቅርንፉድን መዓዛ ይሰጠዋል። እንግዲህ ጠቡ ከበርሜሉ ጋር አይደለም፤ ከችኩሉ ዳኛ ጋር ነው።

ጥቍረት የመልካምነት ምልክት ነው የሚሉ ሰዎች ሦስት ነገር ይዘነጋሉ። አንደኛ፥ ያው ደንብ ቀለም ለመስጠት የተቃጠለ ስኳር እንዲጨመር ይፈቅዳል። በጀርመን አገር ቀለም መጨመሩ በጠርሙሱ ላይ እንዲጻፍ ሕግ ያስገድዳል፤ በሌላው አገር ግን ብዙ ጊዜ በዝምታ ይታለፋል። ሁለተኛ፥ ቀለም የዕድሜ ምስክር አይደለም። በአውሮፓ ኦክ የተሠራ፥ ውስኪ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባበት በርሜል በጥቂት ዓመት ውስጥ መጠጡን ያጠቍረዋል፤ ሦስት ጊዜ ያገለገለ በርሜል ግን ብዙ ዓመት አስቀምጦት እንደ ገለባ የነጣ ሊያወጣው ይችላል። ሦስተኛ፥ ባዶ በርሜል እንዳይበላሽ ድኝ ይታጠንበታል፤ የድኙም ርዝራዥ የክብሪት ወይም የተቃጠለ ጎማ ሽታ ሆኖ በውስኪው ውስጥ ሊቀር ይችላል። ይህን ጉድለት ዓይን ከቶ አያየውም።

«ሼሪ በርሜል» የሚለውም ስም ራሱ መመርመር የሚገባው ነው። ቀድሞ ሼሪ በበርሜል እየተጫነ ወደ ብሪታንያ ይሄድ ነበር፤ ባዶውንም በርሜል የውስኪ ሠሪዎች ይገዙት ነበር። በ1980ዎቹ ሼሪ በተገኘበት አገር በጠርሙስ ታሽጎ ብቻ እንዲወጣ ከተደረገ ወዲህ ይህ ልማድ ቀርቷል። ዛሬ ብዙው በርሜል ለውስኪ ተብሎ በአዲስ እንጨት ይሠራል፤ ሼሪም አንድ ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ያህል እንዲቀመጥበት ይደረጋል፤ ወይኑም ብዙውን ጊዜ ኋላ ለኮምጣጤ ወይም ለአረቄ ይውላል። ይህ በደል አይደለም፤ መልካም ውስኪም ወጥቶበታል። በደሉ ገዢው የጥንቱን የመርከብ በርሜል በልቡ እየሣለ ገንዘቡን ሲሰጥ ሻጩ ዝም ማለቱ ነው።

ዓይን አፍንጫን እንደሚያስት በፈተና ታይቷል። በፈረንሳይ አገር በቦርዶ ነጭ የወይን ጠጅ ሽታ በሌለው ቀይ ቀለም ተነክሮ የወይን ሙያ ለሚማሩ 54 ተማሪዎች ቀረበላቸው፤ እነርሱም ነጩን ወይን በቀይ ወይን ቃላት ገለጡት። ጥናቱ በ2001 ታትሟል። ሙያውን የሚማሩት እንዲህ ከሳቱ፥ በሱቅ ቆሞ ጠርሙስ የሚመለከተው ሰው እንዴት አይስት!

«ለእኔ ከጣፈጠኝ ሌላው ምን አገባው?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በገዛ ብርጭቆው ውስጥ ሰው ሁሉ ንጉሥ ነው። ዳሩ ግን ደስታ ሌላ፥ ፍርድ ሌላ ነው። «ይህ ከዚያ ይበልጣል» ብሎ ለሌላው የሚናገር ሰው ምስክር ሆኗል፤ በእርሱም ቃል ባልንጀራው የወር ደመወዙን ያወጣል። አበው «ከአነጋገር ይፈረዳል፥ ከአያያዝ ይቀደዳል» ያሉት እንዲህ ላለው ነው። ሌላውም «የተቃጠለ ስኳር ጣዕም አይለውጥም፥ ማንንም አይጎዳም» ይላል። ጣዕም የማይለውጥ ከሆነ ስለ ምን ይጨመራል? ዓይንን ለመግዛት አይደለምን?

የቀና ፍርድ መንገዱ ረጅም አይደለም። የወይራ ዘይት ፈራጆች ቀለሙ እንዳያስታቸው በሰማያዊ ብርጭቆ ይቀምሳሉ፤ የውስኪም ፈራጅ እንዲሁ ያድርግ። ስሙና ዕድሜው ይሸፈንበት። ጥቂት ይቅዳ፤ አስቀድሞ ያሽትት፥ ቀጥሎ ይቅመስ፥ ከዚያም ውሃ ጠብ አድርጎበት እንደ ገና ያሽትት፤ ውሃ የተሰወረውን መዓዛ ይገልጣልና። በመጨረሻም አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ ገብሱ ገና ይሰማልን? በቅኔ ሰምና ወርቅ አለ፤ በዚህም መጠጥ በርሜሉ ሰም፥ የብቅሉ መንፈስ ወርቅ ነው። ወይኑ ብቻ የሚጮኽበት፥ እንጨቱም ድድን የሚያጨማድድበት ውስኪ፥ ምንም እንደ ቡና ቢጠቍር፥ ሰሙ ወርቁን የዋጠበት ቅኔ ነው።

ሻጮችም በርሜሉ ከየትኛው እንጨት እንደ ተሠራ፥ ስንተኛ ጊዜው እንደ ሆነ፥ ቀለምም እንደ ተጨመረ ወይም እንዳልተጨመረ በጠርሙሱ ላይ ይጻፉ። ይህን ሳይገልጥ በጥቍረቱ ብቻ የሚመካ መጠጥ ግን ካባ ለብሶ ማዕርጉን እንደማይናገር እንግዳ ነው፤ አስተዋይ ሰው ወንበር ከመስጠቱ በፊት ማንነቱን ይጠይቀዋል።