ትኩሳት መንገድ እስኪከፈት አይጠብቅም

በላስታ ደጋ ልጅ ሲያተኩስ እናት ግንባሩን ዳብሳ «ብርድ መትቶት ነው» ትልና ጋቢ ትደርብለታለች። ብዙ ጊዜ እውነቷን ነው። ለደም ካንሰር ኬሞቴራፒ ወስዶ ከጎንደር ወይም ከጥቁር አንበሳ ለተመለሰ ልጅ ግን ያ ትኩሳት የነፍስ ጉዳይ ነው።

ኬሞቴራፒው የካንሰሩን ሴል ሲገድል መቅኔውንም ያደክማል። ተህዋሲያንን የሚዋጉት ነጭ የደም ሴሎች፣ ኒውትሮፊሎች፣ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ500 በታች ሲወርዱ ልጁ መከላከያ አጣ ማለት ነው። ቁስሉ እንኳ በቅጡ መግል አይቋጥርም። ብዙ ጊዜ ብቸኛው ምልክት ትኩሳቱ ነው።

ታዲያ የጎደለውን ሴል ከሌላ ሰው ወስዶ መስጠት አይቻልም? ይቻላል፤ በበለጸጉ አገሮች ይሠራበታል። ለጋሹ ሴሎቹን የሚያበዛ መድኃኒት አስቀድሞ ይወስዳል፤ ከዚያ ደሙ ለሰዓታት በማሽን እየዞረ ነጩ ይለያል፣ ቀሪው ወደ ሰውነቱ ይመለሳል። የተለየው ሴል ግን ከ24 ሰዓት በላይ አይቀመጥም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ሴሉን ከፀረ-ተህዋሲያን መድኃኒት ጋር በወሰዱትና መድኃኒቱን ብቻ በወሰዱት ታካሚዎች መካከል ልዩነት አላገኘም፤ የታሰበውን ያህል ታካሚ ስላልተገኘም ክርክሩ አልተዘጋም።

ስለዚህ ያ ማሽን ላሊበላ ይግባ አልልም። የምለው ሌላ ነው። ላተኮሰ የካንሰር ታካሚ ልጅ በደም ሥር የሚሰጠው አንቲባዮቲክ በ60 ደቂቃ ውስጥ መጀመር አለበት። ከላሊበላ ጋሸና ብቻ 64 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጎንደር ገና ከዚያ ወዲያ ነው። መንገዱ በጸጥታ ምክንያት ሲዘጋማ ሰዓቱ ቀን ይሆናል። የመጀመሪያው መርፌ እዚሁ፣ በላሊበላ ሆስፒታል፣ የሪፈር ወረቀት ሳይጠበቅ ይሰጥ። መድኃኒቱ ከመደርደሪያ አይጥፋ። ጸበሉን ማንም አይከለክልም፤ መርፌው ግን ይቅደም።

እኛም ደም እንለግስ። ለእነዚህ ልጆች ቀይ ደምና ፕላትሌት የዘወትር ፍላጎታቸው ነው፤ ፕላትሌት ደግሞ የሚቆየው 5 ቀን ያህል ብቻ ነው።

ልጁን ወደ ቤቱ የሚሸኝ ሐኪም ለእናቲቱ ቴርሞሜትርና አንዲት ካርድ ይስጣት፦ «ይህ ልጅ ኬሞቴራፒ ላይ ነው፤ ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ወዲያው አንቲባዮቲክ ይጀመርለት።» ከብሯ ጋር በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥራታለች። ሌሊት የሆስፒታሉን በር አንኳኩታ ቋጠሮውን ስትፈታ፣ ተረኛው አንብቦ መርፌውን ያንሳ።