ሰፊ ጎማ ከመግዛታችን በፊት

የመኪና ጎማ ጉዳይ በቤተሰብ ዐምድ ምን ይሠራል የሚሉ አንባብያን አይጠፉም። ነገር ግን የቤቱ እንጀራ የሚገኘው ከአንዲት ፒክአፕ መኪና በሆነበት ቤተሰብ ዘንድ፣ ጎማ መለወጥ ማለት የልጆችን የትምህርት ቤት ክፍያና የወሩን አስቤዛ የሚነካ ጉዳይ ነው። ከመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም እያስመጡ በአዲስ አበባ የሚያከፋፍሉ አንዲት እናት የጠየቁንም ይህንኑ ነው። የመኪናቸው ጎማ ጥርሱ አልቋል። ባለቤታቸው በዚሁ አጋጣሚ ሰፋ ያለ ጎማ እንዲገባ ይፈልጋሉ፤ ጭነት ይችላል፣ መሬት ቆንጥጦ ይይዛል፣ መኪናውም ግርማ ሞገስ ያገኛል ይላሉ። እኚህ እናት ግን የዋጋው ልዩነት አሳስቧቸዋል።

ግርማ ሞገሱን አንከራከርም፤ ሰፊ ጎማ ያደረገ ፒክአፕ ለዓይን ያምራል። የቀሩትን ሁለት ምክንያቶች ለመመርመር ግን በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል፤ ይህም ለማንኛዋም የቤት እመቤት የማያስቸግር ንባብ ነው። 205/70 አር 15 የሚል ቢገኝ፣ 205 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው። 70 የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ 70 በመቶ መሆኑን፣ 15 ደግሞ የቸርኬውን መጠን በኢንች ያመለክታል። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣውን ቁጥር ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል። ለጭነት መኪና ግን ዋነኛው እርሱ ነው፤ ይኸውም አንዱ ጎማ ስንት ኪሎ እንደሚችል የሚነግረን ነው። 98 ማለት 750 ኪሎ፣ 106 ማለት 950 ኪሎ፣ 109 ማለት 1030 ኪሎ ነው። ከቸርኬው ቁጥር ኋላ «ሲ» የሚል የላቲን ፊደል ካለም ጎማው ለጭነት የተሠራ መሆኑን ያስረዳል። ስለሆነም ለአውቶሞቢል የተሠራ ባለ 235 ሰፊ ጎማ፣ ለጭነት ከተሠራ ባለ 205 ጠባብ ጎማ ያነሰ ሊሸከም ይችላል። በፒክአፕ ላይ አብዛኛው ጭነት የሚያርፈው በሁለቱ የኋላ ጎማዎች ላይ በመሆኑ፣ ስፋትን አይቶ አቅምን መገመት አደጋ አለው።

ሌላው ነገር ቁመት ነው። ከ205/70 ወደ 235/70 ቢኬድ ጎማው ሰፋ ብቻ ሳይሆን ከ4 ሳንቲሜትር በላይ ከፍ ይላል። ከዚያ በኋላ የፍጥነት መቁጠሪያው 80 ሲያሳይ መኪናው የሚሄደው 85 ገደማ ነው። ኪሎሜትር ቆጣሪውም ያንሳል፤ 5000 ቆጠረ ሲባል በእውነቱ 5300 ያህል ተሂዷል፤ ዘይት መቀየሪያው በዚያው ያልፋል። ከሞጆ ወደ አዲስ አበባ ሽቅብ ሲወጣ ሞተሩ የበለጠ ይደክማል፤ ፍሬኑም የበለጠ መረገጥ ይፈልጋል። ጎሚስታው ዘንድ መኪናው ባዶውን ሆኖ መሪው ቢዞር ጎማው ምንም አይነካ ይሆናል። ሽንኩርቱ ተጭኖ ባሌስትራው ሲረግብ ግን ከፓራፋንጎው ጋር መፋተግ ይጀምራል፤ እንዲህ የተፋተገ ጎማ ደግሞ የሚፈነዳው በመንገድ ላይ ነው።

መሬት ቆንጥጦ ይይዛል የሚለው በደረቅ አስፋልት ላይ እውነትነት አለው፤ በአሸዋማ አገርም ሰፊ ጎማ ይጠቅማል። በክረምት ግን ነገሩ ይለወጣል። አስፋልቱ ላይ ውኃ በተኛበት ጊዜ ሰፊው ጎማ ውኃውን ቶሎ ሰንጥቆ ማለፍ ስለሚያቅተው በላዩ ላይ ይንሳፈፋል፤ በጭቃም ጠባቡ ቆርጦ ታች ካለው ጠንካራ መሬት ሲደርስ ሰፊው ከላይ ይንሸራተታል።

ወጪውንም በትክክል እንቁጠር። የሚገዛው አራት ሳይሆን አምስት ጎማ ነው፤ ትርፍ ጎማው ከሌሎቹ ጋር እኩል ካልሆነ በኋላ ገብቶ ብዙ ሲሄድ ዲፈረንሻሉን ይጎዳል። ቸርኬውም ጠባብ ከሆነ ሰፊውን ጎማ በወጉ ስለማይዝ አብሮ ይለወጥ ይባላል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ነው ከቤቱ ገንዘብ የሚወጣው።

እኛ የምንመክረው ከመኪናው ጋር የመጣውን ልክ መጠበቅ ነው፤ ይህም በሾፌሩ በር አጠገብ በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ይገኛል። ባለቤታቸው ሰፋ ይበል ካሉ ደግሞ ሁለቱንም የሚያስማማ አለ። ባለ 205/70 አር 15 ለሆነ መኪና 215/70 አር 15 ሲ ቢገባ ቁመቱ የሚጨምረው 14 ሚሊሜትር ብቻ ሲሆን፣ የመሸከም ቁጥሩም ብዙ ጊዜ 109 ነው። እንዲያም ሆኖ በጭነት ተሞክሮ አለመነካካቱ መታየት አለበት።

ሲገዛ የተሠራበት ጊዜም ይታይ። በጎኑ ላይ ባለው ሞላላ ምልክት ውስጥ 1423 ቢል፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2023 በ14ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። በመደብር ተቀምጦ የከረመ ጎማ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ላስቲኩ ይደርቃል። ባልና ሚስት አብረው ሄደው አንደኛቸው ዋጋ ሲከራከሩ ሌላኛቸው ቁጥሩን ቢያነቡ መልካም ነው፤ ነጋዴውም ከቁጥር ጋር ሲነጋገር ጨዋ ይሆናል።

አየሩ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ይለካ። አየር ያነሰውና ከልክ በላይ የተጫነበት ጎማ ሰፊም ሆነ ጠባብ ግሎ ይፈነዳል፤ ልጆችንም ከሽንኩርቱ ጆንያ ላይ አስቀምጦ መሄድ ፈጽሞ አይገባም። አዲሱ ጎማ ገብቶ ከ50 እስከ 100 ኪሎሜትር ከተሄደ በኋላ ብሎኖቹ እንደገና ይጥበቁ።